የባምላክ ወንፊት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። እንደ ወትሮዬ «ባምላክ ይሙት!» ብዬ እንዳልምልላችሁ ባምላክ ሞቷል፤ እንጅባራ፣ እደጁ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ስለዚህ በራሴ እምላለሁ፤ ከዋሸሁ ጥርሴ ይርገፍ።

ካርታ እየተጫወትን ነበር። ለቀስተኛው ዝም ሲል እኔን ያመኛል።

«ሐኪሞቹ እኮ ደም ሥሩ ውስጥ ወንፊት አስገብተውለት ነበር» አልኩ። «መልአከ ሞት መጥቶ ነፍሱን ሳብ ቢያደርጋት ወንፊቷ ላይ ቀረችበት! ሠላሳ ሦስት ቀን ሲጎትት ሲጎትት የመልአኩ ክንፍ በላብ ራሰ!»

ድንኳኑ ሳቀ። እኔም ኮራሁ።

ቀልዴ ግን እስከ ቀትር ቀልድነቱን ጥሎ ሴቶቹ ዘንድ ገባ። እታለማሁ የምትባል ጎረቤት አጠገቧ ላለችው «ነፍሱን ያሰቃየችው ያቺ ብረት ናት አሉ፤ ምን አለ በሰላም ቢሸኙት?» ስትል፣ የባምላክ ሚስት ደጊቱ ፍራሽ ላይ ሆና ሰማች። ብረቷ እንድትገባ የፈረመችው ደጊቱ ናት።

በመንገዱ ጋሪ አለፈ። የፈረሱን ኮቴ ስትሰማ ባምላክ የመጣ ይመስል ቀና አለች። ከዚያ እኔን አስጠራችኝ።

ባምላክ የሆድ ካንሰር ነበረበት፤ ከማይመለስበት ደርሶ ነበር የተገኘው። ባሕር ዳር ተኝቶ ሳለ አንድ እግሩ አበጠ፤ ደም ረግቶበታል አሉ። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት እንዳይሰጡት ሆዱ ይደማል። ሐኪሙ ደጊቱን አስቀምጦ ነገራት።

«ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ትንሽ የብረት ወንፊት እናስቀምጣለን። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባው እንዳይገባ ትይዝልናለች። ካንሰሩን አትነካውም። ዕድሜ ትቀጥላለች ብዬም አልዋሽዎትም።»

ባምላክ እንቢ አለ። «ከነሕመሜ አገሬ እንጅባራ ውሰጂኝ። የፈረሴን ድምፅ ሳልሰማ ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ!» በየዓመቱ በጥር ወር የአገሩ ፈረሰኛ ለበዓል ሲሰበሰብ ከፊት የሚጋልብ ሰው ነበር፤ ከፈረሱ ሳይሰነባበት ገበያ እንኳ አይወጣም።

እኔ እዚሁ እንጅባራ ስለነበርኩ ደጊቱ ደወለችልኝ። «አድማሴ፣ እባክህ ፈረሱን አሰማው። አለዚያ አይስማማልኝም።»

ስልኩን ይዤ ጋጣ ገባሁ። ፈረሱ ገለባውን ያኝካል። ለመንኩት፤ እንቢ። ኮረኮርኩት፤ ጭራሽ ቂጡን አዞረብኝ። ከወዲያ ባምላክ በቀጨጨች ድምፅ «እህሳ?» ይላል። ምን ላድርግ? ስልኩን አፌ ላይ ለጥፌ እኔው አሽካካሁ። ማዶ ያለችው የአዘና ከተማ ባዝራዎች ሰምተው እስኪመልሱልኝ ድረስ አሽካካሁ።

ከዚያ «በሉ ያስገቡት» ሲል ሰማሁት።

በሳምንቱ ቤቱ ገባ። ሠላሳ ሦስት ቀን በመስኮቱ በኩል ጋጣውን ሲያይ ሰነበተ። ሳንባው እንደተፈራው ድንገት አልታፈነም። የወሰደው ካንሰሩ ነው፤ ቀስ እያለ፣ እያመመው።

እና አሁን ደጊቱ ፊት ቁጭ ብያለሁ። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት ደርቋል።

«ነፍሱን ያሰርኳት እኔ ነኝ?» አለች። «አገሬ አገሬ ሲል እኔ ብረት አስገባሁበት። ያ ሁሉ ሥቃይ በኔ ነው?»

«ኧረ እትዬ! ወሬው የኔ ነው። መልአኩም፣ ክንፉም፣ ላቡም የኔ ነው። ወንፊት ደም እንጂ ነፍስ አይይዝም።»

«አንተ? በሱ ለቅሶ ላይ?»

«እኔ፣ ምላሴ ይቆረጥ። ደግሞም...» ከጀመርኩ ልጨርሰው ብዬ «ያን ዕለት ያሽካካሁትም እኔ ነኝ። ፈረሱ እንቢ አለኝ። ባምላክን ያታለልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለ በኔ ይሁን» አልኳት።



«ያውቅ ነበር» አለች። «ስልኩን ዘግቶ ‹ይሄማ አድማሴ ነው። ፈረስ የሚሆንልኝ ሰው ካለ ትንሽ ልሰንብት› አለኝ።»

እንግዲህ ልናዘዝ። ከነገርኳችሁ ሁሉ አንዷን ፈጥሬያታለሁ፤ ይህችኑ የመጨረሻዋን። ባምላክ ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ቢያውቅ ብዬ ስለምመኝ ደጊቱ አፍ ላይ አስቀመጥኳት። ደጊቱስ አንድም ቃል አልተናገረች። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ አይታ፣ የጋቢዋን ጫፍ ስባ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ።