የሌላ ሰው ሰንሰለት

ወንድሟ ብስክሌቱን የሰጣት ለሙከራ ነበር። እስከ አርብ ማታ ሳይሰረቅባት ከቆየ የራሷ ይሆናል፤ ከተሰረቀ ግን ብስክሌቱ ብቻ ሳይሆን ሰኞ የምትጀምረው ሥራም ይቀራል። ሥራው ከቤት መውጣት የማይችሉ በሽተኞች ዘንድ እየሄዱ ደም መቅዳትና ናሙናውን ሳይሞቅ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። ሲቀጥሯት "ብስክሌት አለሽ?" ብለው ጠይቀዋት "አለኝ" ብላለች። የዚያን ጊዜ የነበራት መንዳት መቻሏ ብቻ ነበር።

ወንድሟ አናጺ ነው። ሁለት ብስክሌት ስለተሰረቀበት በጉዳዩ ላይ እንደ ሊቅ ይቆጠራል፤ ቢያንስ እቤት ውስጥ። ቁልፉን ሲሰጣት ሰንሰለቱንም አንገቷ ላይ አጠለቀላትና ማስተማር ጀመረ።

"ጎማውን ብቻ ካሰርሽ፣ ስትመለሺ ጎማውን ብቻ ታገኛለሽ። ሰንሰለቱ በጎማውም በዋናው ብረትም ይለፍ። መሬት አይንካ፤ መሬት ላይ ካረፈ በመዶሻ ነው የሚሉት። የምታስሪበትን ብረት ደግሞ መጀመሪያ ነቅንቂው።"

"እሺ ወንድም ጋሼ።"

"እሺ ማለቱን ተይና ነቅንቂው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ሳምንቱን ሙሉ ያገኘችውን ብረት ሁሉ ስትነቀንቅ ከረመች።

አርብ ከሰዓት በኋላ የቅጥር ውሏን ለመፈረም ላቦራቶሪው ወዳለበት ሕንፃ ሄደች። ብስክሌቱን ደጃፉ ላይ ካለው የብረት አጥር ጋር አሰረችና ወደ ላይ ወጣች። ፈርማ ስትመለስ ልክ እንደ እሷው አረንጓዴ የሆነ ሌላ ብስክሌት ከእሷው ጋር ተጣብቆ ቆሟል። በእሷ ብስክሌት የፊት ጎማና ዋና ብረት ውስጥ ደግሞ የማታውቀው ወፍራም ቢጫ ሰንሰለት አልፎ ከአጥሩ ጋር ተቆልፏል።

የራሷን ሰንሰለት ፈታችና ብስክሌቱን ሳብ አደረገችው። እንደ ታሰረ ጥጃ ትንሽ መጣላትና ቆመ። መልሳ ቆለፈችው።

የሕንፃው ዘበኛ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። ቢጫውን ሰንሰለት በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ የሌባ ሥራ ነው። በራሳቸው ቁልፍ ያስሩብሻል። አንቺ መፍታት ሲያቅትሽ፣ ነገ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብለሽ ትሄጃለሽ። ሲጨልም ያንቺን ይቆርጡና የራሳቸውን በቁልፋቸው ከፍተው እየነዱ ይሄዳሉ።"

"ሲጨልም እርስዎ እዚህ አይደሉም እንዴ፣ አባባ?"

"እኔ የምጠብቀው ሕንፃውን ነው። ብስክሌት ሕንፃ ነው?"

እንግዲያው ጥላው መሄድ አትችልም። በአንድ እጇ ኮርቻውን ያዘች። ወንድሟ "የት ደረስሽ?" የሚል መልእክት ላከባት። "እየመጣሁ ነው" ብላ መለሰችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዘበኛው ከመንገዱ ማዶ ያለውን በያጅ ጮኸው ጠሩላት። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። ሰንሰለቱን አገላብጦ አየ።

"ይቆረጣል። ግን ብስክሌቱ ያንቺ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"ይኸው ቁልፌ" አለችና የራሷን ሰንሰለት ከፈተችለት።

"እሱስ ያንቺ ነው። ይሄኛውስ?"

"ይሄኛው የኔ አይደለም።"

"በቃ፣ ግማሹ ያንቺ ነው ማለት ነው።"

"ግማሽ ብስክሌት አለ እንዴ?"

"ሰርከስ ላይ አይቻለሁ" አለ በያጁ፤ "ያውም ልጅቷ በደንብ ነው የምትነዳው።" ዘበኛው ሳቁ። በያጁ ግን የሰው ሰንሰለት ቆርጦ ጣጣ ውስጥ መግባት እንደማይፈልግ፣ የሚያውቃት ሰው ካመጣች እንደሚቆርጥላት ነግሯት ወደ ሥራው ተመለሰ። ብስክሌቱ የእሷ መሆኑን የሚመሰክርላት ወንድሟ ብቻ ነበር። እሱን መጥራት ደግሞ ሙከራውን በገዛ እጅ መጣል ነው። ስልኩን አላወጣችም።

ጥቂት እንደቆየች አንድ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ወጣት ቦርሳውን አንግቶ መጣ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ ትይልኝ?"

ብስክሌቱን የቻለችውን ያህል ወደ ራሷ አዘነበለችለት። ሊወስድ የመጣው ከጎን የቆመው ብስክሌት ፔዳል በእሷ የኋላ ጎማ ሽቦዎች መሐል ገብቶ ስለነበር ጎንበስ ብላ በእጇ አላቀቀችለት።

"ቆልፈውብሽ ነው?" አለ ወጣቱ ቢጫውን ሰንሰለት እያየ። "አይ የዚህ ከተማ ሌባ! በይ አይዞሽ፣ እንዳትለቂው።"

አመስግኗት ብስክሌቱ ላይ ወጣና በመኪኖቹ መሐል እየተሹለከለከ ሄደ። እሷም አልለቀቀችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ከሕንፃው ወጡ። ቀጥ ብለው መጡና ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ቢጫው ሰንሰለት ላይ አጎነበሱ። "ሌባ!" ብላ ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን "ይቅርታ" የሚል ነበር።

"ይቅርታ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ብስክሌቴን እየፈታሁ ነዋ።"

"የኔ ነው።"

"እህቴ፣ ቁልፉ እጄ ላይ እኮ ነው" አሉና ከፈቱት። ከዚያ መሪውን ይዘው ሳቡ። ብስክሌቱ አልመጣም። ጎንበስ ብለው ሌላውን ሰንሰለት አዩ። "ደግሞ ይሄን ማን አሰረብኝ?"

"እኔ።"

"ለምን ታስሪብኛለሽ? ምን አደረግኩሽ?"

"ያዙት!" አሉ ዘበኛው ከኋላ፤ ማን ማንን እንደሚይዝ ግን አልተናገሩም።

"ቆይ እስቲ" አሉ ሰውዬው። "የኔ ደወል አለው።" መሪውን በእጃቸው ዳሰሱት። ደወል የለም። መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ከብስክሌቱ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ እያለ ሄደ።

"ሳስር ስልክ እያወራሁ ነበር" አሉ ለራሳቸው። "በቀለሙ ነው ያየሁት።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ከጎኑ ሌላ አልነበረም?"

"ነበር።"

"የት ሄደ?"

አላየሁም ማለት ይቻል ነበር። ዘበኛውም ያሉት ያንኑ ነው፤ ሳይጠየቁ።

"አንድ ልጅ ወሰደው" አለች። "ጠጋ በይልኝ አለኝ፣ ጠጋ አልኩለት። ፔዳሉ ተጣብቆ ነበር። እሱንም ያላቀቅኩለት እኔ ነኝ።"

ሰውዬው መንገዱን አየት አደረጉ።

"አመሰገነሽ?"

"አዎ።"

"ጨዋ ነው እንግዲህ።"

"በየት በኩል ነው የሄደው?" ብለው ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ጠርዝ ሮጡ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለ በያጁ ከማዶ።

"ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ልሸኝዎት? መልኩን አስታውሳለሁ" አለች።

"አይ፣ ሂጂ። ይመሽብሻል። የሱን መልክ ብታስታውሺ ምን ያደርጋል፣ የሚለውጠው የብስክሌቱን መልክ ነው፤ ዛሬውኑ ይቀባዋል።" ቢጫውን ሰንሰለት መሪዋ ላይ ጠመጠሙት፤ ቁልፉን እላዩ ላይ ተዉት። አልወስድም ብትልም እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነበር። "እኔ የማስርበት የለኝም። አስተሳሰሬ ግን ጥሩ ነበር፣ አይደል?"

"በጣም ጥሩ ነበር" አለች። እውነቷን ነው።

እቤት ስትደርስ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ነበር። ብስክሌቱን ዞሮ አየው፤ ፍሬኑን ጨመቀ፣ ኮርቻውን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ሁለተኛውን ሰንሰለት አየ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ሰው ሰጠኝ።"

"ብልህ ሰው ነው። ሁለት ሰንሰለት ያየ ሌባ ወደ ሌላ ነው የሚሄደው።" ትከሻዋን ያዝ አደረገ። "በቃ፣ ያንቺ ነው።"

ወደ ማን እንደሄደ ልትነግረው ፈልጋ ነበር። ወንድሟ ግን እናታቸውን "አየሽ፣ ሰው ሆነችልሽ!" ለማለት ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው በሽተኛ ቤት ደጃፍ ላይ በሁለቱም ሰንሰለት አሰረች። ነቀነቀች። ከዚያ አጠገቡ የቆመውን የማታውቀውን ብስክሌት ሰንሰለት ይዛ ሳብ ሳብ አደረገችው።

"አንቺ!" አለች አንዲት ሴት ከፎቅ። "ምን ፈልገሽ ነው?"

"መታሰሩን እያየሁ ነው።"

"ምን አገባሽ?"

የናሙና ሣጥኑን አንስታ ወደ ደረጃው አመራች። ሴትዮዋ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳችም።