በቀይ የተጻፈችው ቃል

ልብስ ሰፊው የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ስህተቱን ያየው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ክሩን በምላጭ እየበጠሰ ሊፈታው ሞከረ። ምላጩ ጨርቁን ሊቀድበት ሲል ተወውና ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከጧት ጀምሮ ሲያወጣውና ሲመልሰው ስንት ጊዜ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ወረቀቱ የሚስቱ የደም ምርመራ ውጤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጡቷ ላይ ክፉ እብጠት ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ያንን አድካሚ መድኃኒት ጨርሳ፣ የረገፈው ጸጉሯ በቅሎ፣ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ቆየች፤ የቀራት በየስድስት ወሩ ደም እየሰጠች መታየት ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ የመጡት ወረቀቶች ሁሉ በቁጥር የተሞሉ ነበሩ። በዛሬው ላይ ግን አንድም ቁጥር የለም። ከታች በቀይ እስክሪብቶ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ተጽፋለች።

ልብስ ሰፊው እንግሊዝኛ አይችልም፤ ፊደሎቹን ግን ይለያል። ይህችን ቃል ደግሞ አሳምሮ ያውቃታል። ሲሠራ ዘፈን የሚሰማበት አሮጌ ማጫወቻ አንዱ ቁልፍ ላይ አለች። ሪፒት። ቁልፉን ሲጫኑት ያለቀው ዘፈን ከመጀመሪያው ይነሳል።

ጠዋት የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆሞ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ያለቀው ከመጀመሪያው ሊነሳ ነው። ከኋላው ሰልፈኛው ይገፋል፤ ውጤት የምትሰጠው ልጅ “ቀጣይ” ብላለች፤ ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀም። ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚስቱ ከምትሠራበት የሕፃናት ማቆያ ደውላ ስትጠይቀው ውጤቱ ገና ነው፣ ነገ ተመለስ ብለውኛል አላት። ውሸቷ ሳያስባት አምልጣው ወጣች፤ ከወጣች በኋላ ደግሞ የሚያርምበት ድፍረት አጣ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ጡረተኛዋ መምህርት ያስጠበቡትን ቀሚስ ሊወስዱ መጡ። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ እሳቸው ፊት አንድ ቀን ያልተማረውም ጭምር፣ ቲቸር ነው የሚላቸው። ገና ከመግባታቸው ዓይናቸው ኮቱ ላይ አረፈ።

“ይሄ የማን ኮት ነው? ሰውየው ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚራመደው?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ቀስ ብለው የደንበኛ መቀመጫው ላይ ተቀመጡ።

“የባለቤትህ ነው?”

“አዎ። ተመልሷል ማለት ነው አይደል?”

“ተመለሰ አይልም። ይደገም ነው የሚለው። ምርመራውን ድገሙ ማለት ነው።”

“ክፉ ነገር ባያዩ ለምን ይደግማሉ?”

“እሱን አላውቅም፣ ልጄ። እኔ ቃል እንጂ ደም አላነብም።”

ወረቀቱን ግን ወዲያው አልመለሱለትም። ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከዚህች ቃል ጋር የቆየ ነገር እንዳላቸው አጫወቱት። ተከተሉኝና ድገሙ እያሉ በቀን መቶ ጊዜ ሲጠሯት ኖረዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ በወደቁ ልጆች ካርድ ላይ ልክ እንዲህ በቀይ ይጽፏት ነበር። አንዱ ተማሪያቸው ካርዱን ይዞ ቤቱ መግባት ፈርቶ ሁለት ቀን ጠፍቶ ተገኝቷል። ጡረታ ወጥተው እጃቸው ሥራ ሲፈታ ትልቁን መዝገበ ቃላት እንደ ታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመሩና አንድ ቀን እሷው ላይ ደረሱ።

“ከላቲን የመጣች ናት” አሉት። “ሁለት ቁራጭ ነች። የፊተኛዋ እንደገና ማለት ነው። የኋለኛዋ ደግሞ ወደ አንድ ነገር መሄድ፣ መፈለግ፣ መጠየቅ። እንግሊዞች አቤቱታ የሚሉትም ከዚችው ግንድ የበቀለ ነው። ስትገጥማቸው ተመልሶ ሄዶ መጠየቅ ይሆናል። እኔ ሞኟ ያን ሁሉ ዓመት የወደቀ ሰው ግንባር ላይ የሚመታ ማኅተም ትመስለኝ ነበር። ያኔ ባውቅ ኖሮ፣ ልጆች፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ ነው የተባላችሁት እላቸው ነበር።”

ልብስ ሰፊው ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ ክር ያያል።

“መስኮቱ ላይ ጠይቀሃል?”

“አልጠየቅኩም።”

“እሷስ ታውቃለች?”

ጎንበስ ብሎ ክሩን መልቀም ጀመረ። መምህርቷም ጥያቄውን አልደገሙለትም። ወረቀቱን በእጁ አስይዘውት፣ ቀሚሳቸውን ሳይለኩት አንጠልጥለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እጅጌውን ፈታና በቦታው መልሶ ሰፋው። እጁ ሲሠራ ልቡ ዘዴ ይፈልግ ነበር። የደሙ ብልቃጥ ወድቆ ተሰበረ ይላታል፤ ጠዋት ወስዶ እንደገና ያስቀዳታል፤ ውጤቱን ራሱ ይቀበላል፤ ደህና ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ቀዳዳ የሌለው ዘዴ ነበር። የከፋው ነገር፣ ይህንኑ መንገድ ከዚህ በፊት ሄዶበታል። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ እብጠቱ ክፉ መሆኑን ለእሱና ለታላቅ እህቷ ነግሯቸው፣ ሁለቱ ተማክረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ደበቋት። ቀላል ቁስለት ነው አሏት። አንዲት ነርስ ኮሪደር ላይ ፋይሏን ጮክ ብላ ስታነብ ነው የሰማችው። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችበትም። “በገዛ ገላዬ ላይ የመጣ ወሬ ለእኔ ሲደርስ የመጨረሻዋ ሰው ሆንኩ” ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲያ እሱ ደህና ነሽ ባላት ቁጥር ፊቱን ለአፍታ ትመረምራለች። ያቺ አፍታ ከሕመሙ ይልቅ ትከብደው ነበር።

ሚስቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሽርጧ ላይ የሕፃናት ቀለም እንደደረቀ መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወረቀቱን ሰጣት። ዘርግታ አየችው።

“መቼ ነው የሰጡህ?”

“ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ።”

“ስደውልልህ ኪስህ ውስጥ ነበር።”

“ነበር።”

መምህርቷ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳታየው ተናገረች።

“በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንተ ግን የሰው በሽታ ነው የምትሸሽገው።”

ፈርቼ ነው ሊል ፈለገ። ያለፈውም ጊዜ ያለው ይህንኑ ነበር፤ ስለዚህ ተወው። በምትኩ መምህርቷ ስለ ቃሏ የነገሩትን፣ ስለ ላቲኑም፣ ስለጠፋውም ልጅ ሳያስቀር ነገራት። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ወረቀቱን በራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

“ይደገም ካሉ ምን ያስቀምጠናል? ሳይዘጉ እንድረስ።”

ላቦራቶሪው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። ሰልፍ አልነበረም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን እንዳየች ትከሻዋን ሰበቀች። የትናንቱ ደም መሣሪያው ላይ ሳይደርስ ብልቃጡ ውስጥ ረግቶ ተበላሽቷል፤ የአሥራ አንድ ሰው ደም እንደዚያው ሆኖ ለሁሉም ይህችኑ ቃል ጽፈውላቸዋል፤ ዘጠኙ ጠዋት እዚያው ጠይቀው፣ እዚያው ድጋሚ ሰጥተው ሄደዋል። ልብስ ሰፊው ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣበት። ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

“ስለዚህ ደህና ነኝ ማለት ነው?”

“እሱን ገና አናውቅም፣ እናቴ። ደህናም አይልም፣ ክፉም አይልም። አዲሱ ሐሙስ ይደርሳል።”

ሚስቱ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች። ደሟ ሲቀዳ ልብስ ሰፊው ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው ፊቱን አላዞረም። ሲያልቅ ልጅቷ ጥጥ አስያዘቻትና ፋይሉን ገለበጠች።

“ውጤቱ ሲደርስ በስልክ እናሳውቃለን። እዚህ ላይ የተመዘገበው የእርስዎ ቁጥር ነው፣ ጌታዬ። እሱ ይሁን?”

ያንን ቁጥር ያስመዘገበው ራሱ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወሬው ሁሉ አስቀድሞ እሱ ጋ እንዲደርስ ብሎ። ሚስቱን አያት። ጥጡን በአውራ ጣቷ ተጭና፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ታነባለች፤ ወይም የምታነብ ትመስላለች።

“እሱን ሰርዥው” አለ። “የሷን ጻፊ።” ቁጥሩን በቃሉ ነገራት፤ ግን ድምፁ እየሰለለ መጨረሻው አልተሰማም።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። “ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ።”

ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድ በአንድ ደገመላት።