ዳይሬክተሩ እስኪመጡ

«ዝቅ በይ እንጂ፣ እትዬ! እኚህ የግዢ ኃላፊው ናቸው» አለ ታናሽ ወንድሟ ጊቴ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ሄዎን ዝቅ አለች። ግንባሯ ምንጣፉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀና ስትል የግዢ ኃላፊው በሟቹ አባቷ ፎቶግራፍ ፊት ሰግደው ጨርሰው፣ ገና ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ፣ በሁለት እጃቸው የሥራ አድራሻ ካርዳቸውን ይዘው ለሌላ ለቀስተኛ ሲሰጡ አየች። ያኛውም የራሱን ካርድ አወጣ።

«ለካ እርስዎ ነዎት! ስንት ጊዜ ላገኝዎ ስል!»

«እንዲህ ያለ ቦታ ባንገናኝ ኖሮ መቼም አንገናኝም ነበር!»

ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ፎቶውን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከደቡብ ኮሪያው የቡሳን ወደብ አጠገብ ባለው ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ባለው የለቅሶ ክፍል ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። የአበባ ጉንጉኑ ከፎቶው እስከ አሳንሰሩ ተደርድሯል። ጊቴ ጠዋት በላኪዎቹ ሹመት ቅደም ተከተል አሰልፎታል። እሱ የሚሠራበት የመርከብ ኩባንያ የላከው ከፎቶው አጠገብ ነው። አባታቸው ሠላሳ ዓመት ካርቶን ያቀረበላቸው ዓሣ ነጋዴዎች የላኩት ግን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ሾርባ ወደሚቀዳበት ጥግ ጎተታት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትጮኺብኝ።»

«እሱን ብቻ ነው የቀረኝ። ተናገር።»

«ቀብሩን ከነገ ወደ ዓርብ እናዙረው። ለቅሶው ሦስት ቀን መሆኑ ቀርቶ አምስት ይሁን። ዳይሬክተራችን ኦክ ቬትናም፣ ሃኖይ ሄደዋል፤ ዓርብ ይመለሳሉ።»

«አባዬን ለዳይሬክተር ብለህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ልታሳድረው ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! በኅዳር ሹመት አለ። እሳቸው እዚህ መጥተው አንዴ ከሰገዱ በቃ፣ የሳቸው ሰው ተባልኩ ማለት ነው። ደግሞ አባዬ ራሱ አይደል ያስተማረን? ‹ከደንበኛህ ሠርግ ብትቀር ይቅር ይልሃል፣ ከለቅሶው ከቀረህ ግን ሌላ ካርቶን ሻጭ ፈልግ ማለትህ ነው› አላለንም?»

ብሏል። እንዴት ይጠፋታል! አባቷ ጋዜጣ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያነበው የሞት ማስታወቂያውን ነበር። ጥቁር ክራቫቱ ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ማንነቱን ለማያውቀው ሽማግሌ ለማልቀስ ሦስት ሰዓት ነድቶ ይሄዳል፤ የሟች ልጅ ፋብሪካ አለውና። እናቷ ልትሞት ስትል ሄዎን ከሆስፒታል ደወለችለት። የአንድ ዓሣ አሻጊ እናት ለቅሶ ላይ ነበር። «አሁን ተነስቼ ብወጣ ነውር ነው፤ አንድ ሰዓት ስጪኝ» አላት። እናቷ ግን አንድ ሰዓት አልነበራትም። በሳምንቱ ዓሣ አሻጊው ከአባቷ ጋር ውል ፈረመ። ጊቴ በዚያ ውል ገንዘብ ነው የተማረው።

«የእማዬን ቀን ለደንበኛ ሰጠ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «የራሱን ደግሞ አንተ ስጥለት! ደስ ይበለው!»

«ወንድ ልጁ እኔ ነኝ፤ ዋናው ሐዘንተኛ እኔ ነኝ። እዚህ ቤት የሚሰሙት እኔን ነው። የለቅሶ ክፍሉ ቢሮ ሳይዘጋ ማራዘሚያውን እፈርማለሁ።» እጁን ኪሱ ከቶ አንድ ካርድ መዳፏ ላይ አኖረ። «የዳይሬክተሩ ነው። ስማቸውንና ማዕረጋቸውን አጥኚ። ሲመጡ እንዳታሳፍሪኝ።»

ሄዎን ደረጃውን እየረገጠች መኪና ማቆሚያው ላይ ወጣች። የምትለውን አዘጋጅታለች፦ እርስዎ እስኪመጡ አባታችን በረዶ ሆኗል፣ እባክዎ አይምጡብን። ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር መታችው።

«ዳይሬክተር ኦክ? የናም ጊቴ እህት ነኝ። ስለ አባታችን ለቅሶ ነበር።»

ከዳይሬክተሩ በስተኋላ የሳህን ኳኳታ ይሰማል።

«ናም... የትኛው ናም?»

«የጭነት ክፍሉ። ምክትል ኃላፊው።»

«እህ! ያ ረጅሙ ልጅ?»

ጊቴ ከትከሻዋ አያልፍም።

«አይደለም» አለች።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ። አበባው ደረሰ አይደል? ጸሐፊዬ ናት የምትልከው።»

«ደርሷል። ዓርብ ይመጣሉ ተብሎ ነው እየጠበቅንዎት ያለነው።»

«እኔ? ማን ነው ያለው? ዓርብማ ሌላ ቀጠሮ አለኝ። ነፍስ ይማር።»

ቁልቁል ስትመለስ እሳት ጎርሳ ነበር። በሾርባ ጠጪዎቹ ሁሉ ፊት ልትነግረው ነው፤ ካርድ የሚለዋወጡት ሁሉ ይስሙት። «ረጅሙ ልጅ» የምትለዋ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች።

ክፍሉ ከለቀስተኛ ባዶ ነበር። ጊቴ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ማንም በሌለበት ባዶ ግድግዳ ፊት እየሰገደ ይለማመዳል። «ዳይሬክተር፣ ይህን ሁሉ መንገድ...» ይልና ያቆማል። ዝቅ ይልና ድምፁን ሌላ ያደርገዋል። «ዳይሬክተር፣ አባቴ ይህን ቢያይ ኖሮ...» ሲንበረከክ የካልሲው ተረከዝ ተቀዶ ሥጋው ይታያል። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ተረከዝ ነው ለሰው ሁሉ ሲሰግድ የዋለው።

«ደወልኩላቸው» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አልሻቸው? እትዬ፣ ምን አደረግሽኝ?»

ሄዎን አፏን ከፈተች። ከዚያ ያቺን «ረጅሙ ልጅ» ዋጠቻት።

«‹ለእኔ ብላችሁ አባታችሁን አታቆዩ፣ ነገ ቅበሩ› አሉ። ‹ጊቴን በርታ በይልኝ› አሉ።»

«ስሜን ጠሩት?»

«ጠሩት።»

ወደ ፎቶው ዞሮ ሰገደ። ሰግዶ ግን አልተነሳም። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከትናንት ወዲህ ሲያለቅስ ገና አሁን ነው። በሩ ላይ አዲስ ለቀስተኞች መጥተው ጫማቸውን እያወለቁ ነው። ሄዎን ከኋላው ተንበረከከችና የተቀደደውን ተረከዙን በመዳፏ ሸፈነችው።