በፖስታው ቀዳዳ

ዘሙሩድ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳትስት አወረደችው። አባቷ ከማለዲን የጭነት መኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በኩራት ሳቀ።

«ታዲያ ምን ጎደላት? ቀበሌው አዳራሽ ከጓደኞቿ ጋር ክረምቱን ትማር። ለአንድ ልጅ አስተማሪ ቤት ድረስ መጥራት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?»

«ብቻዋን ትማር ብያለሁ» አለች እናቷ ከይሪያ።

«ምክንያቱን ንገሪኛ።»

እንዴት ብላ ትንገረው? ልጅቷ ሁለተኛ ክፍልን ልትደግም ነው፤ በመጪው ዓመትም ከወደቀች ትምህርት ቤቱ ያሰናብታታል። ሰማንያ ልጅ ባንድ ላይ ሲጮህ አብራ ስለምትጮህ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አታውቅም። ከይሪያ ይህን የደረሰችበት ብልህ ሆና እንዳይመስላችሁ። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር እሷም እዚያው አዳራሽ ከኋላ ተቀምጣ፣ ከሴቶቹ ጋር እየጮኸች የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ፣ ባሏ ከአሰብ በሾፌር የሚልክላትን ወረቀት «ዓይኔን አሞኛል» እያለች ጎረቤት ታስነብባለች።

ከማለዲን እየተነጫነጨም ቢሆን እሺ ብሎ መንገድ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ጡረታ የወጡት መምህርት ወለተሥላሴ የእንጦጦን ጭቃ ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ከላይ ከባሕር ዛፉ መሃል በእግራቸው ወርደው ነው። ከይሪያ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እትዬ። ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?»

«ገና ምን አደረግኩና? መጀመሪያ ልጅቷን ልያት።»

የፊደል ገበታውን ዘረጉና መሃሉ የተበሳ አሮጌ ፖስታ ከላዩ አኖሩ። በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ ብቅ አለች።

«ይቺ ማን ናት?»

ዘሙሩድ ፊደሏ ላይ አፈጠጠች። ከ«ሀ» ጀምራ ልታወርድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ፖስታው ወደ ሌላ ፊደል ሄደ። አሁንም ያው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔ ደደብ ነኝ» አለች። «እማዬ እንኳን ትልቅ ሰው ሆና ተምራ ምስክር ወረቀት አግኝታለች።»

ከይሪያ ፊቷ ጋለ። ልጇ ራሷን የምትለካው በእናቷ ውሸት ነበር። መምህርቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ ሰው ሲያስተምሩ ያረጁ ናቸውና ገባቸው። አንድም ቃል ግን አልጠየቁም። ከይሪያ ከጭቃው መንገድ ይልቅ ለዚህች ዝምታቸው በልቧ አመሰገነቻቸው።

«ተማሪዋ አንድ ናት ብለሽኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ከይሪያ በሩን ዘጋች። በርጩማ ስባ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«ሁለት ነን፣ እትዬ።»

ዘሙሩድ እንባዋን ሳትጠርግ ዞራ አየቻት። መምህርቷ ፖስታውን ወደ ከይሪያ ገፋ አደረጉት።

«እሺ፣ ይቺስ?»

እንደ ልማዷ «ዓይኔን አሞኛል» ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«አላውቃትም» አለች፣ ልጇ በደንብ እንድትሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ።