ያዘነበለው ፊልም

ሰው ፊልም አይቶ «ደስ ይላል» ብቻ ብሎ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ምኑ ነው ደስ ያለህ? ካሜራው የት ቆሞ ነበር? ብርሃኑ ከየት መጣ? እንዲህ እያልኩ ጓደኞቼን ስለማደርቃቸው «ዳኛዋ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። እውነቱን ለመናገር ስሙን እወደዋለሁ።

የፊልም ክበባችን መምህርት «የምትወዱትን የወጣቶች ፊልም መርጣችሁ አሠራሩን ተንትኑ። አንደኛ የወጣ የዘንድሮውን ፊልማችንን ዳይሬክት ያደርጋል» ሲሉን በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ትምህርት ቤታችን ያለው ካሜራ አንድ ነው። ያንን ካሜራ በቢሯቸው ቁም ሣጥን መስታወት እያየሁ ምራቄን ስውጥ ኖሬያለሁ። ለሌላ ሰው ከተሰጠ በቁሜ መሞቴ ነው።

የመረጥኩት ፊልም ስለ ሁለት ሴት ተማሪዎች ጓደኝነት ነው። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በመጨረሻም አንደኛዋ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ልጅ ሳለሁ፣ ያሳደገኝ አጎቴ በፍላሽ አምጥቶ ሰጠኝ። «ሲኒማ ቤት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ» ነበር ያለኝ። ከዚያ ወዲህ በቃሌ እስክይዘው ድረስ አይቼዋለሁ።

አጎቴን «ጋሼ» ነው የምለው። አናጺ ነው። በውሃ ልኩ ያልለካው ነገር ቤታችን ውስጥ የለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ትንሽ ዘመም ካለ ምግብ አይወርድለትም። ትንተናዬን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሱ ነበር።

«ዳይሬክተሯ ፍሬሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሆን ብላ ወደ ግራ አዘንብላዋለች» ስል ሳል ያዘው።

«ምነው ጋሼ?»

«ምንም፣ የእንጨት ብናኝ ነው። ግን ይሄን ነገር የግድ ክፍል ውስጥ ታነቢዋለሽ? ሌላ ፊልም ጠፋ?»

«ከዚህ የሚበልጥ የለም!»

«እሺ በይ» አለና ድሮም ቀጥ ብሎ የተሰቀለውን ፎቶ ሊያቃና ተነሳ።

ተራዬ ሲደርስ አንገቴን ቀና አድርጌ ከክፍሉ ፊት ቆምኩ። «ፍሬሙ የተጣመመው በእኛ ዕድሜ ቀጥ ያለ ነገር ስለሌለ ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። «በሚያስቁ ቦታዎች ላይ የማናያቸው ሰዎች ሳቅ ይሰማል። ዳይሬክተሯ ብቻችንን እንዳልሆንን ልትነግረን ፈልጋ ነው። ጓደኛሞቹ ሲጣሉ ደግሞ ጥቁር ጥላ ከታች ተነስቶ ያልፋል። ይህ ዕጣ ፈንታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ ዕጣ ፈንታ ምንጊዜም ይመለሳል! በመሰነባበቻው ላይ ካሜራው ወደ ወለሉ ይዞርና የአንድ ወንድ ለቅሶ ብቻ ይሰማል። ያ ሰውዬ የምትሄደው ልጅ አባት ነው፤ ልጁን ከጓደኛዋ በመለየቱ ተጸጽቷል።»

መምህርታችን ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና «እስቲ አብረን እንየው» ብለው የራሳቸውን ኮፒ ከፈቱ።

ፍሬሙ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ሳቅ የለም። ጠቡ መጣ፤ ሁላችንም ጥላውን ጠበቅን። ልጆቹ ተጣልተው ጨረሱ፣ ጥላ የለም።

«ዕጣ ፈንታ ታክሲ አጥቶ ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ቲቸር፣ የእርስዎ ኮፒ ነው የተበላሸው!» ብዬ ጮህኩ። «የሆነ ሰው ነካክቶ አቃንቶታል!»

«ያንቺን አምጪዋ» አሉ በእርጋታ።

ፍላሼን ሰካሁ። ብዙም ሳይቆይ ያ የኋለኛው ልጅ ብድግ አለ። «ይሄ'ኮ ሲኒማ ቤት ውስጥ በስልክ የተቀዳ ነው! ዕጣ ፈንታሽ ሽንት ቤት ደርሳ የተመለሰች ሴትዮ ናት!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካሜራውም ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። ፊልሙን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ መሰነባበቻው ደረሰ። ወለል ታየ፣ ሰውዬው አለቀሰ፣ ከዚያ መለከት የሚነፋ እስኪመስል ድረስ ተናፈጠ። እስከ ዛሬ የፊልሙ ሰው ነው ብዬ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ በዓለም ላይ ግን እንዲህ የሚናፈጥ ሰው አንድ ብቻ ነው። እኔን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነው።

እጄን መለስኩ።

«ካሜራማኑ አጎቴ ነው» አልኩ። «ይህ ፊልም ሲወጣ እግሬ ተሰብሮ በጀሶ ታስሬ ተኝቼ ነበር። ልጆች ሁሉ አይተው ሲያወሩ እኔ ቤት ውስጥ እነፋረቅ ነበር። ፍሬሙ የዘመመው ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ጋርዶት መሆን አለበት። ሲያስቅ ምስሉ የሚንቀጠቀጠው እሱም ስለሚስቅ ነው። እዚህ ጋ ግን ለምን እንዳለቀሰ አላውቅም። ይሄን መተንተን አልችልም።»

የሳቀ አልነበረም። መምህርታችን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ኮፒ ተመለሱና እኔ ወለል ብቻ ሳይበት የኖርኩትን ቦታ ከፈቱልኝ። የቀረችው ልጅ አውቶቡሱን እየተከተለች ትሮጣለች፤ ጫማዋ ወልቆ ቀርቷል፣ እሷ ግን መሮጧን አታቆምም። አይቼው አላውቅም ነበር።

«ወረቀትሽ ላይ የጻፍሽው ሁሉ ውድቅ ነው» አሉኝ መምህርታችን ሁላችንም አቅርበን ስንጨርስ። «ፊልሙን ጥለሽ ካሜራ የያዘውን ሰው ያየሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ካሜራውን ውሰጂ። ስትቀርጪ ብቻ ከፊትሽ ማን እንደተቀመጠ እይ።»

ካሜራውን በደረቴ አቅፌ ወደ አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት በረርኩ። ስደርስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ጉድ አደረግከኝ!»

«አወቅሽ?» አለና ሳቁ አመለጠው። «ምን ላድርግ! ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ጸጉሯን ቆልላ ነው የመጣች። ወደ ጎን ዘንበል ብዬ ስቀዳ አንገቴ ስንት ቀን አልዞር አለኝ መሰለሽ!»

«እሱን ተወው። ለምን አለቀስክ?»

«ማን? እኔ? ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ጋሼ!»

በእጁ የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ። «ያን ዕለት ጠዋት ሐኪሙ ጠርቶኝ ነበር» አለ። «ትራመዳለች፣ መሮጥ ግን የምትችል አይመስለኝም አለኝ። ላንቺ አልነገርኩሽም። ማታ ሲኒማ ቤት ገብቼ ያቺ ልጅ መሮጥ ስትጀምር ሆዴ ባባ። ይሄን አይታ እኔስ መቼ ነው የምሮጠው ብትለኝ ምን እላታለሁ አልኩና ስልኩን ወደ መሬት አዞርኩት።»

ሆን ብሎ ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያየሁት ወለል እኔ እንዳልከፋ የተቀረጸ ነበር። ትንፋሼ ገና አልተሰበሰበልኝም።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ከትምህርት ቤት ድረስ ሮጬ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከመንገዱ ማዶ ብቅ ስትዪ ጀምሮ እያየሁሽ ነበር።»