ከእኛው ክፍል የያዛት

ነርስ ሞርጂና ክፍሉ ይዘጋ ብላ መለመን ከጀመረች ሰንብታለች። በብራህማፑትራ ወንዝ ዳር ባለ ሆስፒታል፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሕፃናት ተከታትለው ሞተዋል። በደማቸው የተገኘው ጀርም ከእጅ መታጠቢያው ገንዳም ተገኘ።

ዶክተር ሺሺር አልተከራከራትም። «ልክ ነሽ፣ ተዘግቶ በበረኪና መታጠብ አለበት። ግን ያሉትን ወዴት ልውሰዳቸው? ሌላውም ሆስፒታል ባንድ አልጋ ሁለት ሁለት ነው የሚያስተኛው» አላት። እሷም ገንዳውን በፕላስቲክ ጠቅልላ አሰረችና፣ ውሃ ከግቢ በባልዲ እያስቀዳች የሚገባውን ሁሉ እስከ ክርኑ ታስታጥብ ጀመር።

ኮፊል የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጁን በሚስቱ አሮጌ ሳሪ ጠቅልሎ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ልጅቷ ከእፍኝ አትበልጥም። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ይሰረጉዳል።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ» አለችው ሞርጂና። «እዚህ ክፍል በሽታ ገብቷል። ሊይዛት ይችላል።»

«ካልገባችስ እህቴ?»

ሞርጂና የልጅቷን የጠቆረ ከንፈር አየች። ኦክስጅን ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ» አለ ኮፊል።

አስገባቻት። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው በዞረች ቁጥር ስትታጠብ የእጇ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። የልጅቷ ከንፈር ቀላ፤ ተከትላ የመጣችው እናቷ የምታልብላትንም ወተት በቱቦ መውሰድ ጀመረች። ኮፊል በመስኮት እያያት «አያቷን ነው የወጣችው፤ እሷም ግትር ናት» እያለ ለዘበኛው ያወራ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን የልጅቷ ገላ ቀዝቅዞ ተገኘ። ወተቱን መለሰችው፤ ሲነኳትም አትንፈራገጥም። ሞርጂና ጀርሙ እንደያዛት የደም ምርመራው ውጤት ሳይመጣ ገባት። መድኃኒት ቀየሩላት፤ ደግመው ቀየሩላት፤ ጀርሙ ለአንዱም አልተበገረም። በመጨረሻ ቱቦውን ነቅለው እናቷ ደረት ላይ አስተኟት። እዚያው አረፈች።

ሞርጂና ኮፊልን እስከ በሩ ሸኘችው። «ወንድሜ፣ በሽታው የያዛት ከእኛ ነው። ስትመጣ አልነበረባትም።»

«ነግረሽኝ የለ እንዴ» አለ፣ ሬሳውን ደረቱ ላይ እያስተካከለ። «እናንተ ባትኖሩ የዚያኑ ዕለት ጀልባው ላይ ትሞትብኝ ነበር። እናቷ ቢያንስ ወተቷን ሰጠቻት። አላህ ሌላ ከሰጠን እዚሁ አንቺ ጋ ነው የምናመጣው።»

እዚህ አታምጡት ልትለው አፏን ከፈተች። ታዲያ ወዴት ውሰዱት ልትል ነው?

«እሺ» አለችው።