ከአፌ ያመለጠ «ጎበዝ»

አስተማሪ ጡረታ ይወጣል ይባላል እንጂ አይወጣም። እኔ ጠመኔውን አስቀመጥኩ፤ ድምፄ ግን አሁንም እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ታክሲ ለመያዝ ሰው ሲጋፋ «ተሰለፉ!» ብዬ ብጮህ ሹፌሩ ሳይቀር ቀጥ አለ። ባለቤቴ ሻይ ሲያፈስ ዓይኔን ብቻ አፈጥበታለሁ፣ ጨርቁን ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ይህን አመሌን ይዤ ነው በስተርጅና እንደገና ተምሬ የልጆችና የቤተሰብ አማካሪ የሆንኩት። አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ።

የቢሮው ኃላፊ የድሮ ተማሪዬ ነው። አንደኛ ክፍል እያለ ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ ዛሬ ከረባት አስሮ ይቆጣጠረኛል። ይቆጣጠረኛል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ወደ ክፍሉ በገባሁ ቁጥር ብድግ ይላል፣ «ተቀመጥ» እስክለው ድረስም አይቀመጥም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ አይቆጡኝና፣ እዚህ ልክ ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም። ሰው የሚሰማውን ይናገራል፣ እኛ እናዳምጣለን» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህንንማ አውቃለሁ» አልኩት። ማወቅ ሌላ፣ አመል ሌላ።

ድንቡሼ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው እንጂ ልጅቱ የመጥረጊያ እንጨት ነው የምታክለው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። አባትየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ልጅቱ ራሷ ተነስታ፣ ራሷ ለብሳ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ክፍል ውስጥ ማንቀላፋትና ከልጆች ተነጥሎ መቀመጥ ስታበዛ ትምህርት ቤቱ ወደ እኛ ላካቸው።

አብራቸው የመጣችው የአባትየው ታላቅ እህት ናት። ሌላ ከተማ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅም አልወለደች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቱ እሷ ዘንድ ሄዳ ትደግ ያለችው እሷ ነበረች። አባትየውም «ልጅቱ ከፈለገች» ብሎ እሺ ብሏል። ከእኔ የፈለጉት ልጅቱን ለመሄድ እንዳዘጋጅላቸው ብቻ ነበር።

እህትና ወንድም እንደተኮራረፉ ለማወቅ አማካሪ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። «እሷ እንዳለችው» ይላል እሱ። «እሱ ካመነበት» ትላለች እሷ። እናት አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሲያገባ ግን ተቀያየሙ። እሷ ይጥራኝ ትላለች፣ እሱ ትምጣ ይላል፣ እንዲህ ሲጠባበቁ ዓመታት አለፉ። የኩርፊያው መነሻ ምን እንደነበር ብጠይቃቸው ሁለቱም ጠፍቶባቸዋል። አይ ሰው! ነገሩ ጠፍቶ ኩርፊያው ይቀራል።

በመጀመሪያው ቀን ልጅቱን ትንሿ ወንበር ላይ አስቀምጬ እኔም ጎንበስ ብዬ፣ «የኔ ቆንጆ፣ አክስትሽ ጋ ስለ መሄድ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት።

ሱሪዋን ስትቧጥጥ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ብሄድ ጥሩ ነው። አባዬም ያርፋል» አለች።

«ጎበዝ!» አልኩ።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ዓይን አፋር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ስትከፍት እኔ ዕድሜ ልኬን ሌላ ነገር ብዬ አላውቅም። መልሷን ማጽደቄ አልነበረም፤ መናገሯን ነው ያደነቅኩት። ይህን ግን እኔ ነኝ የማውቀው፣ እሷ ምኑን ታውቃለች? ፊቷ ፈካ አለ። ከመጣች ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው፣ እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ስጠይቃት መልሱ ያው ነው። እንዲያውም እየዳበረ መጣ። «የአክስቴ ቤት ሰፊ ነው» ተጨመረበት። «እዚያ ያለው ትምህርት ቤት አጥር አለው» ተጨመረበት። አባትየው ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እሷ ከፈለገች ምን ይደረጋል» ይላል፣ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ ልጅቱ እየተዘጋጀች ነው ብዬ ለኃላፊው ሪፖርት አደርጋለሁ። እሱም ቆሞ ያዳምጠኛል።

የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ አክስትየው ከነሻንጣዋ መጣች። ከእኛ ቢሮ ወጥተው ቤት ገብተው የልጅቱን ልብስ ይዘው በነጋታው ሊሄዱ ነው። ድንቡሼ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ አክስቷ ናት የሰፋችላት፣ እንዳትጠብባት ብላ አስፍታው ልጅቱ ውስጡ ጠፍታለች።

«እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ» አልኳት። «መሄዱን እንዴት አየሽው?»

«ብሄድ ጥሩ ነው። አባዬም ያርፋል። የአክስቴ ቤትም ሰፊ ነው...» አለችና ቀና ብላ ፊቴን አየች።

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ጠመኔውን እንደያዘ፣ መልሱን ሳይጽፍ መጀመሪያ የአስተማሪዋን ፊት ያነባል። ግንባሯ ከተቋጠረ ያጠፋዋል፣ ፈገግ ካለች ይቀጥላል። ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ የልቧን አልነገረችኝም። «ጎበዝ» ያልኳትን መልስ በቃሏ ይዛ ስታስረክበኝ ነው የኖረችው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ነገ ጠዋት ልጅቱ አውቶቡስ ላይ ናት። «አንዴ ይቅርታ» ብዬ ወጣሁና ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ብድግ አለ።

«አበላሸሁ» አልኩት። ነገሩን ነገርኩት።

«ልግባና ላነጋግራቸው፣ ቲቸር?»

«አንተ ብትጠይቃትም ልክ የሆነውን መልስ ነው የምትፈልገው። ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት፤ ተቀመጠ። ማዕዘን ላይ የቆመችውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አንስቼ ወጣሁ። ለስብሰባ ነበር የገዛት፣ አልተናገረኝም።

ተመልሼ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና እስክሪብቶውን ለልጅቱ ሰጠኋት። «ዛሬ ቲቸር አንቺ ነሽ። እኛ ሦስታችን ተማሪዎች ነን። ቲቸር ትጠይቃለች፣ መልስ አይጠበቅባትም።»

አባትየው ቅር እያለው ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ጋር ደረሰ። እኔና አክስትየውም ከኋላው ተደረደርን። ድንቡሼ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ወዲህና ወዲያ ስትል የክፍሏን መምህርት ሳላውቃት አወቅኳት።

«ሰባት ሲደመር ስምንት?»

«አሥራ አራት» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ኧረ! በጣትህ ቁጠር!» አክስትየው ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ልጅቱ ግን ሥራ ላይ ናት፣ አልሳቀችም። ስለ ወራትና ስለ ክፍሏ ልጆች ጠየቀችው፤ የደብተሯ መሸፈኛ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቀችው። ይህን ሳያስብ መለሰው።

ከዚያ ቆም አለች። የእስክሪብቶውን ክዳን እየነቀለች መልሳ ትከድናለች።

«እኔ ስሄድ ደስ ይልሃል?»

አባትየው ዞሮ እኔን አየኝ። ሰውዬው ልክ እንደ ልጁ መልሱን ፊቴ ላይ ፍለጋ መጣ! እኔም ፊቴን አዙሬ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ። እዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ምላሴን በጥርሴ ይዤዋለሁ።

«አይለኝም» አለ በመጨረሻ።

«አልተሰማም። ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

«ደስ አይለኝም!» አለ። «ከሥራ ስመለስ በሩን ለማን ብዬ እንደምከፍተው አላውቅም። አሁን ገባሽ?»

ልጅቱ እስክሪብቶውን ወረወረችው። «ታዲያ ለምን ሂጂ አልከኝ?»

«አንቺ እሄዳለሁ ስላልሽ ነዋ! ቲቸር በጠየቁሽ ቁጥር እሄዳለሁ ስትዪ ምን ልበል?»

«እሳቸው ናቸዋ ልክ ነው ያሉኝ!»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን አትውጥም፣ ስንቱን ተማሪ በእንዲህ ዓይነት ሰዓት አቁሜያለሁ። እንደ ተማሪ ብድግ አልኩ።

«ተሳስቻለሁ» አልኳት። «መናገርሽን ነበር ያደነቅኩት። መሄድሽ ልክ ነው ማለቴ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ያ ሰፊ ቀሚስም አብሮ ወረደ፣ ሄዳ አባቷ ጉልበት መካከል ገባችና በጡጫ ደረቱን ትመታው ጀመር። «አልሄድም፣ አልሄድም፣ አልሄድም» ትላለች። እሱም አቅፎ ደረቱን ይሰጣታል። ሶፍቱን አቀበልኳቸውና አንዱን ለራሴ ያዝኩ። አማካሪ አያለቅስም የሚል ትምህርት ነበር፣ እሱን የተማርን ቀን ቀርቼ መሰለኝ።

ግን ልቅሶ ሲያበቃ ጠዋት አለ። አባትየው የልጅቱን ፀጉር እያሻሸ፣ «ጠዋት ጠዋትስ ምን አደርግሻለሁ? ብቻሽን በጨለማ...» አለ። እኔ መልስ ቢኖረኝም ያን ቀን አልተነፍስም ነበር።

ከጎኔ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ታየኝ። አክስትየው እጇን አውጥታለች። ያቺ ትልቅ ሴት፣ ሻንጣዋን በእግሯ መሃል ይዛ፣ አመልካች ጣቷን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ወደ ላይ ቀስራለች። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየች እንጃ፣ ያየናት የለም።

ድንቡሼ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «እሺ፣ አክስቴ» አለች።

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች አክስትየው። «ልጅቷን ስጡኝ ያልኩት ብቻዬን ሆኜ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው ትላለች እሷ፤ አዎ ሰፊ ነው፣ ማን አለበት?»

«ታዲያ አንቺ ለምን እኛ ቤት አትመጪም?» አለች ልጅቱ። «የስፌት መኪናሽን ይዘሽ። እኔ ክር አስገባልሻለሁ።»

«ማን ጠራኝ?»

ይህን ያለችው ለልጅቱ አልነበረም። ወንድሟም አልጠፋውም። ልጁን ከጉልበቱ አነሳና ከዚያች ወንበር ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሲነሳ ወንበሯም አብራው ተነሳች፣ በእጁ አላቀቃት። ማንም አልሳቀም። እህቱ ፊት ቆመ፣ ወደ እኔ አላየም፣ «እሷ» አላለም።

«እትዬ» አላት። «እትዬ፣ ነይልኝ።»

ሴትየዋ እጇን ሳታወርድ ፊቷን በሌላኛው ሸፈነች።

ድንቡሼ አንዴ አባቷን፣ አንዴ አክስቷን አየች። በዕድሜዋ ይህን ጥሪ ከአባቷ አፍ ሰምታው አታውቅም። «እትዬ ማን ናት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች አክስትየው ከእጇ ሥር። «እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን ይሆናል።»